ስማችሁን ይዤ ሄጄ ነበር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ። የዘገየሁት መንገድ ላይ ስለነበርኩ ነው፤ ውኃ የቋጠረው ተረከዜም ገና አልደረቀም።

ላሊበላን በእግሬ ሄጄ ልሳለም ስነሣ ብዙዎቻችሁ የክርስትና ስማችሁን ልካችሁብኝ ነበር። «ስትደርስ አስበን» ያላችሁኝን ሁሉ በወረቀት ጽፌ፣ በደረት ኪሴ ይዤ ነው ታኅሣሥ 16 ከደብረ ታቦር የወጣሁት። ታኅሣሥ ገብርኤልን መንገድ ላይ አከበርን። የነቢያት ጾም ነውና ስንቃችን በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጉልበት ያለን ቀድመን እንገሰግሳለን፣ አረጋውያኑ ከኋላ ይቀራሉ። ነፋስ መውጫ ስንደርስ ስሙ በከንቱ እንዳልወጣለት ገባን። ላባችን ሳይደርቅ ቆመን ስንጠብቃቸው ብርዱ አጥንታችን ገባ፤ አንዱ ጓደኛችን ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጠው አደረ። በማግሥቱ መሪያችን በዕድሜ የገፉትን እማሆይ ከፊት አደረጋቸውና «ከእሳቸው የሚቀድም የለም» አለን።

ከዚያ ወዲህ የሁላችንም እርምጃ በመቋሚያቸው ሆነ። መጀመሪያ እግሬ እምቢ አለኝ። ቀስ ማለትም ያደክማል። በኋላ ግን ከጀርባቸው ስሄድ ለካ እየጸለዩ ነው የሚራመዱት፦ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»፣ 41 ጊዜ፣ ከዚያም እንደ አዲስ። ወረቀቴን አውጥቼ ሳሳያቸው ማንበብ ስለማይችሉ «ጥራልኝ ልጄ» አሉኝ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ስም ነገርኳቸው። መቄት ስንደርስ ሁላችሁንም በቃላቸው ይዘዋችሁ ነበር።

መቄት አፋፉ ላይ ቆመን ማዶ የላስታን ተራሮች፣ አቡነ ዮሴፍን አየን። ያን ቀን ማንም አላወራም። ማታ «የመሸብን እንግዶች ነን» ስንል፣ ገብስ ሲወቁ የዋሉ ባልና ሚስት «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ብለው ገለባ አነጠፉልን። ጦርነቱ ይህን መንገድ ጭር ያደረገባቸውን ዓመታት ሳስብ፣ ያ በር ለማንም ሳይከፈት ያደረባቸው የገና ሰሞኖች ያሳዝኑኛል።

ታኅሣሥ 27 ማምሻውን ገባን። የላሊበላ ወጣቶች ሳፋ ይዘው ይጠብቁ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ቁስሌን እየተጠነቀቀ እግሬን አጠበኝ፤ ልሰበስበው ስል ጎንበስ ብሎ ሳመው። ምን እንደምለው ጠፍቶኝ ዝም አልኩ።

የልደት ዕለት፣ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላም ልደት በሚከበርበት በዚያው ቀን፣ በቤተ ማርያም ካህናቱ ከላይ እንደ መላእክት፣ ከታች እንደ እረኞች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ወረቡ። 800 ዓመት ገደማ ያስቆጠረው ዓለት ራሱ የሚዘምር ይመስላል። ነጭ በለበሰው ሕዝብ መካከል እማሆይን ፈለግኳቸው። ከግንቡ ጥግ ተደግፈው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጠጋ ስል የእናንተን ስም ሰማሁ።

እኔ ሥራ ስለነበረብኝ በመኪና ተመለስኩ። አሥራ አንድ ቀን የተጓዝንበት አገር በመስኮት በኩል ጥርግ ብሎ አለፈ። እማሆይ ግን ጥምቀትን እዚያው አክብረው በእግራቸው ነው የሚመለሱት። ስማችሁ አሁንም ከእሳቸው ጋር ነው።