ውሃና ደን ፍለጋ፦ በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ የአንድ ሳምንት ሩጫ

ደሴ የገባሁት በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ መሬቱ ገና ልስላሴውን ሳይጨርስ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ዙሪያ ያለውን ደን፣ ጨፌና ሐይቅ በእግሬ እየሮጥሁ ለማየት ካሰብሁ ዓመታት አልፈው ነበር፤ በዚህ ዓመት የአንድ ሳምንት ዕረፍት ሳገኝ ወደ ሌላ ቦታ የመሄድ ሐሳብ አልመጣልኝም። ያረፍሁት ሰኞ ገበያ አካባቢ ከአክስቴ ቤት ሲሆን በየማለዳው አብሮኝ የሚወጣው ልጇ ነበር። እርሱ የሀገሩን መንገድ ከነአቋራጩ ስለሚያውቅ፣ በካርታ ያጠናሁትን ሁሉ ገና በመጀመሪያው ምሽት ትቼ እርሱን ለመከተል ወሰንሁ።

ደሴ ለሯጭ ቀላል ከተማ አይደለችም። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ስለያዟት በመካከላቸው ረዝማ ተኝታለች፤ ከቤት የወጣ ሰው የሚጠብቀው ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ከፍታዋ ወደ 2500 ሜትር ስለሚጠጋም የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይቀንሳል፤ እንደ እኔ ከአዳማ የመጣ ሰው ይህንን በሦስተኛው ደቂቃ ደረቱ ላይ ያውቀዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከሶምሶማ ያለፈ ነገር አልሞከርንም። መለኪያችን ንግግር ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥብኝ መጨረስ ካቃተኝ ፍጥነታችንን እንቀንሳለን።

ሜዳ የፈለገ ሰው ወደ ሰሜን፣ ወደ ቦሩ ሜዳ መሄድ አለበት። በሚኒባስ ወጥተን ከአስፋልቱ ዳር ስንወርድ ገና ጭጋጉ አልተነሣም ነበር። ሣሩ አጭር ነው፤ ሥሩ ያለው መሬት ግን ውሃ የጠጣ በመሆኑ እግር ሲያርፍበት ይሰረጉዳል፤ ከብቶች የረገጡበት ቦታ ሁሉ በውሃ ተሞልቶ ስለነበር ዐይናችንን ከመሬት ማንሣት አልቻልንም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያካሄዱት በዚህ ሜዳ ነው፤ ያን ያህል ሠራዊትና ሊቃውንት ተሰብስቦበት የነበረው ስፍራ አሁን በጎችና የገብስ ማሳ ብቻ ይታዩበታል። አንድ ሰዓት ያህል ዞረን ተመለስን። ለሰውነት ማላመጃ ጥሩ ነው፤ ጥላ ስለሌለው ግን ፀሐይ ከወጣች በኋላ አልመክረውም።

በሦስተኛው ቀን ስሕተት ሠራሁ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ መንገዱ በአመዛኙ ቁልቁለት ነው። የአክስቴ ልጅ «ሐረጎን በመኪና እንውረደው፣ እግርህን ለየጎፍ ደን አስቀምጠው» ብሎኝ ነበር፤ እኔ ግን ቁልቁለት ነው ብዬ አስፋልቱን ይዤ ወረድሁ። የሐረጎ ጠመዝማዛ እጅግ ውብ ነው፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ የኮምቦልቻ ሜዳ ከበፊቱ ይልቅ ቀርቦ ይታያል። ነገር ግን መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ነው፣ ጠርዙ ጠባብ ነው፣ ተሳቢ በመጣ ቁጥር ከገደሉ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ መቆም ግድ ይላል። ከዚህም የሚብሰው የጭን ነገር ነው፤ ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ ክብደት ተሸክሞ እየተለጠጠ ስለሚሠራ፣ ትንፋሽ ሳይጨንቅ ሥጋው ይጎዳል፤ ሕመሙም የሚበረታው በማግስቱና ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ነው። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ከአክስቴ ቤት ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ ነበር። ይህንን ቁልቁለት መሮጥ የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የመጨረሻ ቀኑ ያድርገው።

የጎፍ ደን የደረስሁት እንግዲህ በስድስተኛው ቀን ነው። ደኑ ከኮምቦልቻ በላይ ባለው ተራራ ላይ የተዘረጋ ሲሆን በመንግሥት ከሚጠበቁት ደኖች አንዱ ነው። ከታች የሚቀበለው ሰው የተከለው ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ነው፤ ከፍ እያሉ ሲሄዱ ግን የሀገሩ ጽድና ወይራ ይመጣል፣ ልዩነቱንም ከዐይን በፊት እግር ያውቀዋል። በባሕር ዛፉ ሥር መሬቱ ደረቅ ነው፤ የወደቀው ቅጠልና የላላው ጠጠር ጫማ ያንሸራትታል። ጽዱ ሥር ሲገባ ግን የዘመናት ርጋፊ ተደራርቦ የሠራው ጥቁር አፈር አለ፤ ሲረግጡት ድምፅ አይሰጥም፤ የራሴን ትንፋሽና ከኋላዬ የሚመጣውን የአክስቴን ልጅ ትንፋሽ ለይቼ እሰማ ነበር። አንድ ትልቅ ጽድ ሥር ቆሜ እጄን ግንዱ ላይ አሳረፍሁ። ልጡ እንደ አሮጌ ገመድ በረጅሙ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ከልጡ ሥር ያለው ቀይ እንጨት ሌሊቱን የያዘውን ቅዝቃዜ ገና አልለቀቀም ነበር፤ ሽታውም ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቆምሁ ያህል ተሰማኝ።

መንገዱ የእንጨት ለቃሚዎች መንገድ ስለሆነ ጠባብ ነው። ጭራሮ ያዘሉ ሴቶች ከላይ ሲወርዱ አገኘን፤ የአክስቴ ልጅ ገና ከሩቅ ሩጫውን አቁሞ ወደ ገደሉ በኩል ወጣ ብሎ ቆመ፣ እኔንም በእጁ ጠራኝ። ሸክም ላለበት ሰው መንገድ መልቀቅ የሀገሩ ደንብ ነው፤ በገደሉ በኩል የሚቆመውም ሸክም የሌለበት ሰው መሆን ነበረበትና፣ እርሱ ቁጥቋጦ ይዤ እንድቆም በገደሉ በኩል አስተካከለኝ። ከሴቶቹ ኋላ የሚመጡ አንዲት እናት ላባችንን አይተው ቆሙ።

«ከየት ነው ልጆቼ?»

«ከታች ነው እማማ፤ እየሮጥን ነው» አለ የአክስቴ ልጅ።

«ከላይ ምንጭ አለላችሁ። ላባችሁ ሳይደርቅ ግን እንዳትጠጡ። አብሽሩ፣ ቅርብ ነው።»

ቅርብ የተባለው ምንጭ ሌላ ሃያ ደቂቃ ዳገት ጠየቀን። ውሃው ከድንጋይ ሥር ጣት በሚያህል ውፍረት ይወጣል፤ ዙሪያው ግን አንድ ክንድ ያህል ስፋት በቀጤማ ተሸፍኗል። ላባችን እስኪደርቅ ጠበቅን። ይህ ደን ባይኖር ያ ምንጭ በጥቅምት እንኳ ይፈስስ ነበር ብዬ አላምንም፤ ዛፉ በተመነጠረበት ጎን በኩል ጎርፍ የቦረቦረውን፣ ሰው የሚውጥ ቦይ ስንወርድ በዐይኔ አይቻለሁና። መሮጫ ብቻ ሆኖ ቢሆን ኖሮ እንኳ ይህ ደን እንዲጠበቅ እለምን ነበር።

የመጨረሻውን ቀን ስሙም ሐይቅ ለሆነው ሐይቅ አስቀምጠነው ነበር። ከደሴ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሰሜን ባለችው በሐይቅ ከተማ ወርደን ጉዟችንን የጀመርነው ወደ ሐይቁ ሳይሆን ከበላይ ወደሚገኘው ሌላ ሐይቅ፣ ወደ አርድቦ ነው። የአርድቦ ውሃ በአንከርካ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ከሐይቅ ግን በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ወንዙን በግራ ትተን ዳገቱን ወጥተን፣ ሲመለሱ ከውሃው ጋር አብሮ መውረድ የሚቻልበትን መንገድ መረጥን። ከሁሉም መንገድ ያስደሰተኝ ይህ ነው።

በዚያ ወቅት ማሽላው አፍርቷል፤ ከማሳው መካከል በየተወሰነ ርቀት ማማ ተሠርቶ ወፍ የሚጠብቁ ልጆች ቆመውበታል። ወንጭፍ ሲጮኽ የተኩስ ያህል ነው። አንደኛው ልጅ እንዳየን ለሚቀጥለው ማማ በጩኸት ነገረው፣ እርሱም ለሚቀጥለው፤ እኛ በማሳው ዳር ባለፍን ቁጥር ልጆቹ ወንጭፋቸውን ዝቅ አድርገው ቆመው ያሳልፉን ነበር። በሰፈሮቹ አጠገብ ውሾች አሉ፤ ውሻ ሲመጣ ሩጫ አቁሞ በእርጋታ መራመድ፣ ካልሆነም ድንጋይ ለማንሣት እንደሚጎነበስ ሰው መጎንበስ ይበቃል።

አርድቦ በኮረብቶች መካከል ጸጥ ብሎ የተኛ ነው። ዳርቻው ላይ ቀጤማው ከደረት በላይ ስለሚደርስ ውሃውን ለማየት ከብቶች የከፈቱትን መግቢያ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል፤ እዚያ ስንገባ ዳክዬዎች ከቀጤማው ውስጥ ተነሥተው ወደ መካከሉ ሄዱ። ብዙ አልቆየንም። ወደ ታች ስንወርድ አንከርካ ከጎናችን ነበር፤ ገበሬዎች በየቦታው በድንጋይ እያገዱ ወደ አትክልት ማሳቸው ወስደውታል፣ እኛም የመስኖ ቦይ ስንዘል ቁጥሩን ረሳን።

ሐይቅ ከፊታችን ድንገት ተገለጠ። ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ በመሆኑ ከዳር ያለው አረንጓዴ ወዲያው ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። ቀድሞ ደሴት የነበረው፣ ዛሬ ከየብስ ጋር የተያያዘው የእስጢፋኖስ ገዳም በዛፍ ተሸፍኖ ወደ ውሃው ገብቶ ይታያል፤ በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ መጻሕፍት ያጻፉበትና ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበት ነው። ወደ ገዳሙ የሚወስደው መንገድ ሲጀምር ሩጫችንን አቆምን፤ በገዳም ደጃፍ መሮጥ አይገባም። ሴቶች ወደ ውስጥ ስለማይገቡ፣ ከሴት ጓደኛው ጋር የሚመጣ ሯጭ ማረፊያውን በከተማው በኩል ባለው ዳርቻ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ጫማችንን አውልቀን እስከ ጉልበታችን ገባን። ቅዝቃዜው ከሐረጎ የተረፈኝን የጭን ሕመም አስታገሰው። የአክስቴ ልጅ ካልሲውን ውሃው ውስጥ ሊያጥብ ሲያጎነብስ፣ ከዳር መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ «ተው ልጄ፣ ይህን እንጠጣዋለን» አሉት። ይቅርታ ጠይቆ ወጣ፤ ካልሲውን ጨምቆ በዱላ ላይ ሰቅሎ፣ የተጠበሰ ዓሣ እስከሚሸጡበት ቤት ድረስ በባዶ እግሩ ሄደ።