ጠጅ ቤቴ ታሸገ

«ይሄማ ጠጅ አይደለም፤ ብርዝ ነው። ለሕፃን ስጠው።»

ይህችን ነገር ጥርሴን ስፍቅ እሰማታለሁ። ባጃጅ ውስጥ እሰማታለሁ። ቅዳሴ ቆሜ ሳይቀር ትመጣብኛለች፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ተናጋሪዋ አከራዬ እማማ ናቸው። የተሰደበው ጠጅ ደግሞ የለም። የለም ስላችሁ የለም! ካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ የተሣለ ጠጅ ነው። በሌለ ጠጅ የተዋረደ ሰው ጎንደር ውስጥ ካለ ይምጣና አብረን እንዘን።

ቅዳሜ ማታ ጓደኞቼ እኔ ክፍል ይሰበሰቡና ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን። ያው እኛ ጃንሆይን ባወረድንበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን ያወጡት ጨዋታ ነው። አንዱ ይተርካል፣ ሌላው ጀግና ይሆናል፣ ነገር ሲያጠራጥር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል። ተራኪው እኔ ነኝ። ኤልፋችን፣ ማለትም ጆሮ ሹሉን የተረት ፍጡር ሆኖ የሚጫወተው፣ ባጃጅ ይነዳል። ጠንቋያችን ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል። ድንካችን ቁመቱ የበሬን ጉበን ያልፋል፤ ግንባሩን ሳይመታ ገብቶ አያውቅም።

ስለ ዳይሱ ካነሳሁ አይቀር፣ ያለን አንድ ብቻ ነው። ውጭ አገር ያለውን የአጎቴን ልጅ «ወንድሜ፣ አንድ ሴት ዳይስ ላክልኝ፣ ከክብሪት አይበልጥም» ብዬ ለመንኩት። «ችግር የለም» አለ። ሰው ሲመጣ የላከልኝ የሴቶች ቫይታሚን ነው። እናቴ እየዋጠችው ነው፤ ተስማምቷታል። እኔ ግን እስከ ዛሬ አንዷን ዳይስ አልጋ ሥር ስትገባ በሞባይል መብራት እየፈለግሁ እኖራለሁ።

ወደ ጠጅ ቤቴ። በዚህ ጨዋታ ወግ ጀግኖች የሚተዋወቁት መጠጥ ቤት ነው። ጥግ ላይ ፊቱን የሸፈነ እንግዳ ይቀመጣል፣ ግድግዳው ላይ የሥራ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ ጓዳው ውስጥ ትልልቅ አይጦች አሉ፤ የጀማሪ ጀግና የመጀመሪያ ሥራው አይጥ መግደል ነው። እኔ ግን የፈረንጁን ቤት መገልበጥ ደበረኝ። የፋሲል ግንብ ጥላ ሥር አድጌ ምን ቆርጦኝ! ጠጅ ቤት አደረግሁት። አራት ማዕዘኑ ላይ ክብ ማማ፣ ውስጡ መደብ፣ መደቡ ላይ አዝማሪ፣ ፈረስ ማሠሪያ፣ ከምድጃው ኋላ ወደ ዋሻ የሚያስገባ ሚስጥራዊ በር። ብርሌዎቹን አንድ በአንድ ሣልኳቸው፤ የአንገታቸው ነገር ስንት ላጲስ እንደጨረሰብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጥግ ላይ ያለው ጋቢ የተከናነበ እንግዳ ደግሞ ራሱን ደብቆ አገሩን የሚዞር ንጉሥ ነው። ይህ እስከ ፋሲካ የማይገለጥ ሚስጥር ነበር። ፍንጩን አዝማሪው ውስጥ ቀበርኩት፤ አንድ ምሽት ሙሉ ተቀምጬ ግጥም ገጠምኩለት።

ያን ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ሻማ ለኮስን፤ እንዲያውም ለጨዋታው አማረበት። ድምፄን አቅጥኜ የጠጅ ቤቷ እመቤት ሆንኩና «ግቡ ልጆቼ! አንዱ ብርሌ በ4 መዳብ!» ስል፣ ከበሩ፦

«በስንት?»

እማማ ናቸው። ክብሪት ፈልገው መጥተው ኖሯል። ለካ ከጅምሩ ቆመው ሰምተውኛል፣ ያቺን ቀጭን ድምፅ ጭምር።

4 መዳብ ከጨዋታው የሕግ መጽሐፍ የወሰድኩት ዋጋ ነው፤ የአንድ ኩባያ ጠመቃ ዋጋ ነው ተጽፎ ያለው። 100 መዳብ አንድ ወርቅ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ጣታቸውን ሳይቆጥሩ «እንግዲያ በአንድ ወርቅ 25 ብርሌ ልትሸጥ ነው? በወርቅ? ማሩን ከሰማይ ነው የምታወርደው?» አሉኝ። ያኔ ነው እማማ በወጣትነታቸው በአዘዞ መንገድ ጠጅ ቤት እንደነበራቸው የሰማሁት። ስንት ጊዜ ኪራይ ስከፍላቸው አንድ ቀን አይነግሩኝም?

«ጌሾውስ?»

«አለ፣ እማማ።»

«የቱ ጋ?»

ሥዕሉን በሻማ አስጠጉት። መነጽራቸውን አወጡ። ጣታቸው በመደቡ በኩል አድርጎ፣ በጓዳው ዞሮ፣ ፈረስ ማሠሪያው ድረስ ሄዶ ተመለሰ።

«ሚስጥር በር አለ። ጌሾ የለም።»

ከዚያ በኋላ የሆነው ጨዋታ አይደለም፣ ሥልጠና ነው። አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። ለጠጅ እንጨቱ ነው፣ ቅጠሉ ለጠላ ነው። ጋኑ በግራዋ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ኤልፉ ማስታወሻ ይይዛል። ለእኔ ታሪክ ባጃጅ ቆሞ ሲጠብቅ እንደ ተሳፋሪ የሚያዛጋው ልጅ፣ ለጌሾ እስክሪብቶ ይዞ ይጽፋል! ድንኩ «እማማ፣ እንጨቱ መቼ ነው የሚወጣው?» ይላል። በዘንዶ የተያዘች ልዕልት አለች እኮ! ስለ እሷ ማንም ጠይቆ አያውቅም።

ጠንቋዩ «እንግዲያው ጌሾ ፍለጋ እንሂድ» አለ። ድምፅ ተሰጠ። ተራኪው ድምፅ የለውም ተባለ።

እሺ ብዬ መንገዳቸው ላይ ሽፍታ አስቀመጥኩ። እማማ «ሽፍታ ጌሾ ምን ያደርግለታል? ሽፍታ ማር ነው የሚዘርፈው» አሉ፤ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሽፍቶቼ በነፃ ተለቀቁ። ጎርፍ አመጣሁ። «ለጌሾ ጥሩ ነው» አሉ። በመጨረሻ ደሜ ፈልቶ ዘንዶውን ራሱን ከነክንፉ ከተራራው አወረድኩት፤ ልዕልቲቱን ትቶ የጌሾው ማሳ መሐል ተኛ። እሳት እየተፋ ነው፣ ሰማዩ ቀልቷል፣ ድምፄ ጠፍቷል።

«ይተኛ» አሉ እማማ፤ «ጌሾ የሚቆረጠው ከዳር ነው።»

ቆረጡት። ተሸክመው ተመለሱ።

«ጠጁ ደህና መሆኑን ዳይስ ይወስን!» ብዬ ጣልኩት። 3 ወጣ። እማማ ጎንበስ ብለው አዩና «አየህ፣ ጠጠሩም አወቀው» አሉ። ይህች ቃል ከግቢ ወጥታ፣ በማግሥቱ አንዲት ጎረቤት የልጇን ዲቪ ጠጠር ጥዬ እንዳይላት በሬን አንኳኩታለች።

ብርዝ የሚለው ፍርድ የወረደው ያኔ ነው። አይጦቹም ተገኙ። «ማር ያለበት ጓዳ አይጥ?» ብለው እማማ በመስቀል አማተቡ። ጠንቋዩ ያ የፋርማሲ አመሉ ተነስቶበት ሥዕሌ ላይ ከዳር እስከ ዳር «ታሽጓል» ብሎ ጻፈበት። በእስክሪብቶ! እርሳስ ጠፍቶ ነው?

አንድ ነገር ቀርቶኛል ብዬ አዝማሪዬን አስነሳሁ።

«ጋቢ ደርቦ መጣ ብርዱ ቢበዛበት፣
ቀን በከፋ ጊዜ ጠጅ ነው መድኃኒት።»

እማማ ማሲንቆው ሳያበቃ «በካፋ ነዋ!» አሉ።

እኔስ ምን አስቤ ነው? እ.ኤ.አ. ከ1721 እስከ 1730 የነገሠ፣ ሰው ሳያውቀው አገር ይዞር የነበረ፣ ቋራ ላይ ታሞ ምንትዋብ አስታመመችው የሚባል ንጉሥ፤ ግንቡ እዚሁ ፋሲል ግቢ ውስጥ ቆሞ እያየነው፤ የጎንደር እናት አታውቀውም ብዬ ነው? እማማ በዚያ አላበቁም። «ምስኪን፣ ብርዝህን ጠጥቶ ታሞ እንዳይሆን። ምንትዋብን ጥሩለት» አሉ። ድንኩ ከሳቁ ብዛት ተነስቶ ሲወጣ ግንባሩን መታ። እንኳን!

ከዚያ ሁሉም እማማ ቤት ጠላ ሊጠጡ ሄዱ። እኔ ዳይስ ፍለጋ አልጋ ሥር ቀረሁ።

በሳምንቱ ኤልፉ ደወለ።

«እማማ አሉ?»

«ማኅበር ሄደዋል፤ እኔ ግን አለሁ፣ ዘንዶውንም አሻሽየዋለሁ።»

«አይ፣ እንግዲያው ለሌላ ቀን ይሁን» ብሎ ዘጋው።