ደረቅ ነው ብዬ የፈረምኩበት ጉድጓድ

ቨርጂኒያ ውስጥ ጋዝ ስቴሽን ስሰራ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር፣ ከካሸርነት ተነስቼ ማናጀር ሆኛለሁ፣ ባለቤቱ ያገር ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ማናጀር ሲባል ደግሞ ያው ሽንት ቤት ከማጽዳት እስከ ሎተሪ መቁጠር ነው፣ በዛ ላይ የክላስ ቢ ኦፕሬተር ወረቀት ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ መሬት ውስጥ የተቀበሩት ታንኮች ጣጣ በሙሉ በኔ ስም ነው።

የነዚህ ታንኮች የፌደራል ደንብ በ2015 ተሻሻለ፣ ቨርጂኒያ በ2018 የራሷ ደንብ ውስጥ አስገባችውና ለነባር ስቴሽኖች እስከ ጃንዋሪ 1 2021 ጊዜ ሰጠች። ከዛ በኋላ በየ30 ቀኑ ታንከሩ ነዳጅ የሚያራግፍበት አፍ ዙሪያ ያለውን ስፒል ባኬት ማለትም የሚንጠባጠበውን የሚቀበለውን ባልዲ ከፍተህ ታያለህ፣ ውሃ ወይ ቆሻሻ ካለው ታወጣለህ፣ መቆጣጠሪያ ማሽኑን ታያለህ፣ በዓመት አንዴ ደግሞ ሳምፑን ማለትም የፓምፑ ራስ ያለበትን ጉድጓድ ትከፍታለህ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ፈሳሽ ሲነካቸው ማሽኑን የሚያስጮሁት ሴንሰሮችም በዓመት ይፈተሻሉ፣ ባኬቱ በየ3 ዓመቱ ያፈስ እንደሆነ ይሞከራል። ሁሉም በወረቀት፣ በፊርማ።

ባኬቱን እውነቴን ነው አያለሁ፣ ባላየው የታንከሩ ሾፌር ይነጫነጫል። ሳምፑ ነው ጉዱ። ክዳኑ ብረት ነው፣ ብቻህን አታነሳውም፣ ጭራሽ ሰመር ላይ ጋሼ ግቢውን በአስፋልት ቀለም አስቀብተውት ዙሪያው ተለስኖ ተዘግቷል። ጃንዋሪ ላይ አንድ ማታ፣ ውጪ በረዶ፣ የማታው ልጅ አሞኛል ብሎ ቀርቷል፣ ፎርሙን ካውንተር ላይ ዘርግቼ ሳምፕ ደረቅ፣ ሳምፕ ንጹህ እያልኩ ራይት ራይት አድርጌ ፈረምኩ። ማሽኑ እንደሆነ ሁሉም ሰላም ነው ይላል፣ ካልጮኸ ምን አለ ብዬ።

ኤፕሪል ላይ ኢንስፔክተሯ መጣች። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ የጎማ ቦት ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አገላብጣ "ጥሩ ይዘሃል" አለችኝ፣ ደስ አለኝ። ከዛ ወጣን። ከኪሷ ስክሩድራይቨር አውጥታ የሪጉላሩን፣ የተራውን ቤንዚን፣ ሳምፕ ክዳን ዙሪያ ስትቧጥጠው ጥቁሩ ቀለም እንደ ምጣድ ጥላሸት እየተላጠ ተነሳ። ቀና ብላ አየችኝና "ይሄን ጃንዋሪ ላይ በምን ከፈትከው?" አለችኝ።

ምን ልበላት።

ለሁለት አነሳነው። ውሃው ፓምፑን እስከ አንገቱ ውጦታል፣ ላዩ ላይ ነዳጅ እንደ ቀስተ ደመና እያብረቀረቀ ይንሳፈፋል። ታች ወለሉ ላይ መቀመጥ የነበረበት ሴንሰር ደግሞ ከኤሌክትሪኩ ቧንቧ ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ ከፍ ተደርጎ ታስሮ ከውሃው በላይ ተንጠልጥሏል። ለካ ማሽኑ ሰላም ነው የሚለው ለዚህ ነው። ማን እንዳሰረው እስካሁን አናውቅም፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጩኸቱ ያሰለቸው የሆነ ሰው ነው። የሴንሰሩን ዓመታዊ ፍተሻ በሰዓቱ አስደርገን ቢሆን ቴክኒሻኑ በአስር ደቂቃ ያገኘው ነበር፣ እኛ ግን ዛሬ ነገ እያልን አሳልፈነዋል፣ እሱንም እኔው ነኝ ያሳለፍኩት።

ጋሼጋ ደወልኩ። "ሳምፑ ውሃ ሞልቷል" ስላቸው "ታዲያ ዝናብ አይደል እንዴ ልጄ" አሉኝ። "ጋዝም አለበት ጋሼ" ስላቸው ዝም አሉ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ በ24 ሰዓት ውስጥ ለስቴቱ ማሳወቅ ግድ ነው፣ እሷ እዛው ቆማ ስላየችው እንኳን ልንደብቀው። ሪጉላር ተዘጋ። የመስመሩ ቴስት አለፈ፣ ችግሩ የፓምፑ ራስ ላይ ያለች አንዲት መጋጠሚያ ጠብ ጠብ ማለቷ ነው፣ ቧንቧው ወደ ጉድጓዱ የሚገባበት ጎማ ደግሞ ተሰነጣጥቋል። ኮንትራክተሩ "ውሃ በዚህ ከገባ ነዳጁም በዚሁ ይወጣል" ሲለኝ ነው ነገሩ የገባኝ፣ ምክንያቱም ከስቴሽኑ ጀርባ ያሉት ቤቶች የሚጠጡት የራሳቸውን የጉድጓድ ውሃ ነው። አንደኛዋ ሴትዮ በየጠዋቱ ቡና የምትገዛኝ ናት። የአፈር ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ንጹህ ነው ተባለ፣ እግዜር አተረፈን።

9 ቀን ያለ ሪጉላር ሰራን። ሪጉላር የሌለው ጋዝ ስቴሽን እንጀራ የሌለው ሀበሻ ምግብ ቤት በለው፣ ሰው ገባ ይልና አይቶ ይዞራል። ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ጋሼ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እኔ የክላስ ቢውን ትምህርት እንደገና እንድወስድ ታዘዝኩ።

አሁን ረጅም እጀታ ያለው የክዳን ማንሻ ገዝተናል፣ ስከፍት በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሴንሰሩ ወለሉን መንካቱን ሳላይ አልዘጋም። ጋሼ ግን አሁንም አላመኑኝም መሰለኝ፣ ዝናብ ከጣለ ይደውላሉ፣ ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ ወጥተው ገና ነጠላቸውን ሳያወልቁ ነው የደወሉት፣ ሰላምታ የለ ምን የለ፣ "ያቺን ክዳን ከፍተህ አየሃት?"