ማሞቂያው ለምን ቀዘቀዘ?

ጥር 13 ነው። ጥምቀትን በፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ያከበሩ እንግዶች ይዤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ልወጣ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ እናት፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች። ከፒያሳ ስንነሳ ገና ከንጋቱ 12 ሰዓት ነበር።

መኪና ሳላይ አልነሳም ባይ ነኝ። ኮፈኑን ከፍቼ የዘይት መለኪያዋን መዘዝኩ። ነጩን የውሃ ማጠራቀሚያ ፕላስቲክ አየሁ፤ እስከ ላይኛው መስመር ሙሉ ነው። ጎማዎቹን በእግሬ መታ መታ አደረግኩ። (ጎማ በእግር መምታት ምን እንደሚነግረን እስካሁን አልገባኝም። ግን ሁላችንም እንመታለን።)

ኮሶዬን ስንወጣ ብርዱ ጠና። እማማ ጋቢያቸውን እያጣፉ፣ "ልጄ፣ እስቲ ማሞቂያውን ክፈትልን" አሉኝ። ከፈትኩት። ቀዝቃዛ አየር ነፋ።

"ኧረ ይሄስ ጭራሽ አንዘፈዘፈን!"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ተበላሽቶ ነው ብዬ ዘጋሁት። የሙቀት ቆጣሪው ቀስት ደግሞ ከወትሮው ዝቅ ብሏል። ብርዱ ነው አልኩ።

አምባ ጊዮርጊስ ልንደርስ ስንል ቀስቷ ድንገት ተነስታ ቀዩን ነካች። ዳር ይዤ ሞተር አጠፋሁ። ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎት ቡልቅ አለ። ወዲያው ልጆች ከበቡን። አንዷ፣ "ጋሼ፣ ውሃ ላምጣ?" ብላ ሳልመልስላት ሮጠች። እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ የራዲያተሩን ክዳን ልፈታ ስል፣

"አንተ ልጅ! መላጥ አማረህ?"

ዞር ስል ጸጉራቸው የሸበተ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። አቁመው ሊረዱኝ ወርደዋል።

"ጋሼ፣ ውሃ እኮ ሙሉ ነው" ብዬ ማጠራቀሚያውን አሳየኋቸው።

"እሱማ ሙሉ ነው። ራዲያተሩን መቼ ከፍተህ አየህ?"

ዝም አልኩ።

እስኪቀዘቅዝ 40 ደቂቃ ያህል ጠበቅን። እሳቸው ግን እጃቸው አላረፈም። መጀመሪያ የዘይት መለኪያዋን መዘዙ። "ዘይትህ ማኪያቶ መስሎ ቢሆን ኖሮ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነበር። ቴስታታህን፣ የሞተሩን ራስ፣ ያኔ ታለቅስለት ነበር። ተመስገን በል።" የባትሪውን ጫፍ ነጭ ዱቄት አሳዩኝ። ስኮርታውን፣ ትርፍ ጎማዬን፣ ጎንበስ ብለው በእጃቸው ሲጫኑት ገባላቸው። ከተሰቀለ ወዲህ አውርጄው አላውቅም። አፈርኩ።

በመጨረሻ ክዳኑን ቀስ ብለው ፈቱት። የሥሩን ላስቲክ በጣታቸው ሲነኩት ተበጣጠሰ። ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ የሚባል አይታይም።

ለካ ክዳኑ መክደኛ ብቻ አይደለም። ውሃው ሲሞቅ ይሰፋል፤ ትርፉ በቀጭኗ ቱቦ ወደ ማጠራቀሚያው ይወጣል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ራዲያተሩ መልሶ ይስበዋል። ላስቲኩ ካለቀ ግን የሚስበው አየር ነው፤ ውሃው እዚያው ማጠራቀሚያው ውስጥ ይቀራል። እኔ በየቀኑ "ሙሉ ነው" እያልኩ የማየው የወጣውን ውሃ ነበር።

ደግሞ ክዳኑ ግፊት ያምቃል። ጎንደር ላይ ውሃ በክፍት ድስት በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ በ90 ገደማ። ሞተር በደህናው ቀን የሚሠራው እዚያው አካባቢ ነው። ውሃው ከ100 በላይ ሳይፈላ የሚዘልቀው በግፊቱ ነው። ክዳኑ ካልያዘ ዳገት ላይ መፍላቱ ምን ይገርማል?

ማሞቂያውም ደህና ነበር። የሚሞቀው በሞተሩ ውሃ ነው፤ ውሃ ሲያጣ ምን ይንፋ? የቀስቷም ሴንሰር ውሃ ካልነካው ይዋሻል። እማማ ኮሶዬ ላይ ነግረውኝ ነበር። እኔ ሳቅኩ።

አሁን ጠዋት መጀመሪያ የምከፍተው ራዲያተሩን ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ፣ በቀዝቃዛው ብቻ። ላስቲኩን በጣቴ እዳስሳለሁ። ዘይቱን ሜዳ ላይ አቁሜ፣ መለኪያዋን ጠርጌ ሁለተኛ እነክራለሁ፤ በሁለቱ ምልክቶች መሀል ካልሆነ አልነሳም። ጎማውን በመለኪያ ነው፣ ስኮርታውንም ጭምር። ማታ ስቆም ደግሞ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አነጥፋለሁ። ጥቁር ጠብታ ካለ የሞተር ዘይት ነው፤ አረንጓዴ ከሆነ ኩላንት፣ የራዲያተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ። ረዳቴ ካርቶኑ ላይ ሳፈጥ ሲያየኝ፣ "ስኒ ማንበብ ጀመርክ እንዴ?" ይለኛል።

ያን ቀን ግን ልጅቷ ባመጣችው ጀሪካን ራዲያተሩን ቀስ እያልን ሞላን። አምስት ሊትር ሊጨርስ ምንም አልቀረው። ሹፌሩን "ለሻይ" ብላቸው ተቆጡ። "በቀስታ ሂድ። ዳባት ላይ አቁመህ፣ ሲቀዘቅዝ እየው። ደባርቅ ስትገባ ክዳን ግዛ" ብለው ወደ መኪናቸው ሄዱ።

ዳባትን እንዳለፍን እማማ ከኋላ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ አሁንስ በዛ። ትንሽ ቀንሰው።"