ካርቦን ሞኖክሳይድና ኦክስጅን በሉዊስ ነጥቦች

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሁለት አቶሞች ብቻ ያሉት ሞለኪዩል ሆኖ ሳለ፣ በሉዊስ ነጥቦች (የአቶሞችን የውጭ ኤሌክትሮኖች በነጥብ በሚያሳየው አሳሳል) ለመሳል ግን እንደ ውኃ ወይም እንደ ሚቴን ቀላል አይደለም። ዛሬ ማታ የእህቴን ልጅ ኬሚስትሪ ሳስጠናት ብዙ የቆየነው እሱ ላይ ነበር። የካርቦን 4 እና የኦክስጅን 6 የቫለንስ (የውጭ ሽፋን) ኤሌክትሮኖች ሲደመሩ 10 ይሆናሉ። አንዱን ጥንድ በመካከላቸው አስቀምጠን ከቀሩት 8 ለኦክስጅን 6፣ ለካርቦን 2 ስንሰጥ፣ ኦክስጅን በደንቡ ለእያንዳንዱ አቶም የሚፈለጉትን ስምንት ኤሌክትሮኖች ሞልቶ ካርቦን በ4 ይቀራል፤ ስለዚህ ከኦክስጅን ሁለት ጥንድ ወደ መካከል እናመጣና ትስስሩ ሦስትዮሽ ይሆናል፣ በየአቶሙም አንድ ነጻ ጥንድ ይተርፋል። ፎርማል ቻርጁ ሲሰላ ካርቦን ኔጌቲቭ 1፣ ኦክስጅን ፖዘቲቭ 1 ሆነ።

«ጋሼ፣ ኤሌክትሮን አብዝቶ የሚስበው ኦክስጅን ነው ብለውኝ አልነበር?» አለችኝ።

ብያለሁ፤ እውነትም ነው። ፎርማል ቻርጅ የጋራው ጥንድ እኩል ቢካፈል ተብሎ የሚሠራ ሒሳብ እንጂ ልኬት አይደለም። ያም ሆኖ በልኬትም ቢሆን፣ መጠኑ እጅግ ትንሽ ይሁን እንጂ፣ የሞለኪዩሉ ኔጌቲቭ ጫፍ ካርቦን ሆኖ ተገኝቷል። በተዘጋ ቤት የከሰል ምድጃ ሰው የሚገድለውም፣ ይኸው ጋዝ በካርቦኑ ነጻ ጥንድ የሄሞግሎቢንን ብረት ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። የነጥቦቹ አሳሳል ፈልሳፊ ኬሚስቱ ጊልበርት ሉዊስ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ኤሌክትሮኖችን በኩብ ማዕዘኖች ላይ ሲሞነጫጭር የአቶም ኒውክለስ ገና አልታወቀም ነበር፤ በ1916 ያሳተመው የጥንድ ሐሳብ እስከዚህ ድረስ ማገልገሉ ይደንቀኛል።

ሁለት አቶሞች ያሉትን የኦክስጅን ሞለኪዩል ራሷ በፍጥነት ሳለችው፦ 12 ኤሌክትሮኖች፣ ድርብ ትስስር፣ በየአቶሙ ሁለት ሁለት ነጻ ጥንዶች። በደንቡ እንከን የለውም፤ እኔ ግን አብልጬ የምጠራጠረው ይህን ሥዕል ነው። ፈሳሽ ኦክስጅን በብርቱ ማግኔት ዋልታዎች መካከል ሲፈስ እዚያው ተይዞ ይንጠለጠላል፤ ምክንያቱም በሞለኪዩሉ ውስጥ ጥንድ ያላገኙ ሁለት ኤሌክትሮኖች አሉ፣ በሥዕሉ ላይ ግን ሁሉም ተጣምረዋል። ናይትሪክ ኦክሳይድ እንኳ 11 ኤሌክትሮኖች ስላሉት ገና ሲቆጠር ጎዶሎነቱን ይናገራል፤ ኦክስጅን ግን ደንቡን አክብሮ ይሸውዳል። ለፈተና ድርብ ትስስሩን እንዳለ እንድትስል፣ የማግኔቱን ጉዳይ የሚፈታው የሞለኪዩላር ኦርቢታል ትምህርት ደግሞ ከፍ ስትል እንደሚመጣ ነገርኳት፤ እሷ ግን ማግኔቱን ዛሬውኑ በቪዲዮ ማየት ፈለገች።