የቀትር ፀሐይን ቦይለር ውስጥ ማስቀመጥ

አዲስ አበባ ያለው ቤቴ ጣሪያ ላይ ባለ 550 ዋት ስድስት ፓኔሎች አሉ። አንድ ላይ 3.3 ኪሎዋት ይሆናሉ። ከስር ባለ 5 ኪሎዋት ሃይብሪድ ኢንቨርተር (የፓኔሉንና የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር) እና 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ ሊቲየም ባትሪ አለ። ሲገዙ ዓላማቸው አንድ ነበር፤ መብራት ሲሄድ ፍሪጁ፣ ዋይፋዩ፣ አምፖሉና ውሃ የሚገፋው ፓምፕ እንዳይቆሙ።

ስለ ቦይለር እንዳስብ ያደረገኝ የኢንቨርተሩ ስክሪን ነው። በጋ ላይ ባትሪው ከቀኑ 5 ሰዓት ሳይደርስ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ አናት ላይ ሆና ፓኔሎቹ 300 ዋት ብቻ ሲሰጡ አያለሁ። የተበላሸ ነገር የለም። ኢንቨርተሩ ቤቱ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው፤ የተረፈው ዝም ብሎ ይቀራል። ማታ ደግሞ ውሃ ማሞቂያውን ቦይለር በቆጣሪ እናበራለን። ይሄ ነገር በጭራሽ አልዋጥልኝ አለ።

ሂሳቡም ያስገድዳል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተደርጓል። በዚያ ላይ ብዙ የተጠቀመ በኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ይላል። ስለዚህ ቦይለሩን ከቆጣሪው ላይ ማውረድ የቦይለሩን ፍጆታ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ የቀረውንም ወደ ረከሰው እርከን ያወርደዋል።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ አሰላሁት። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። የእኛ ቦይለር 80 ሊትር ነው፤ ከሮቶ የሚወርደው ውሃ ደግሞ 18 ዲግሪ ገደማ። 60 ዲግሪ ለማድረስ 3.9 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ማለት ነው። ይሄ ባትሪዬን አሟጥጦ ሊጨርሰው ምንም አይቀረውም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ፤ ቦይለር ማታ ከባትሪ መሞቅ የለበትም። ቀን፣ ፀሐይዋ ስትተርፍ፣ በቀጥታ ከፓኔሉ ነው መሞቅ ያለበት። የሞቀው ውሃ ራሱ ማስቀመጫ ነው፤ ለሙቀት ብቻ ከሆነ ደግሞ ከሊቲየም ባትሪ እጅግ የረከሰ ማስቀመጫ።

ኤሌክትሪሻኑ ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን አቋራጭ ይወዳል።

«ጋሼ፣ ኢንቨርተሩን ለምን እናደክመዋለን? ሁለት ፓኔል ጨምረን ቀጥታ ቦይለሩ ላይ እንስጠው።»

«ቴርሞስታቱስ?»

«ያው እሱ ይቆርጠዋላ።»

አይቆርጠውም። ቴርሞስታት ውሃው በቂ ሲሞቅ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ማብሪያ ነው። ብዙ ሰው ይህንን ስለሚሞክር ትንሽ ልቆይበት። ከመንግሥት መስመር የሚመጣው ኤሌክትሪክ አቅጣጫውን የሚቀያይር ነው፤ በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ያልፋል። ቴርሞስታቱ ሲከፈት የሚፈጠረው ብልጭታ እዚያ ዜሮ ላይ ይጠፋል። ከፓኔል የሚወጣው ግን ዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን የማይቀያይር ነው፤ ዜሮ የሚባል ነገር የለውም። ቮልቴጁ ከፍ ካለ ብልጭታው ሳይጠፋ ይቆያል፤ የቴርሞስታቱን ሁለት መገናኛ ነጥቦች ያቀልጥና ያጣብቃቸዋል። ከዚያ ቴርሞስታቱ ቢፈልግም መክፈት አይችልም። ውሃው መሞቁን ይቀጥላል፤ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ሴፍቲ ቫልቭ በኖራ ከተደፈነ ደግሞ ቦይለሩ ሊፈነዳ ይችላል። ለዲሲ የተሠራ መቆጣጠሪያ ከሌለ በቀር ይሄን መንገድ አትሞክሩት። እኛ በኢንቨርተሩ በኩል አደረግነው።

የመጀመሪያው ለውጥ የማሞቂያው ሽቦ ነው። ቦይለሩ ሲገዛ 1500 ዋት ነበር። መርካቶ ተፈልጎ 800 ዋት ተገኘለትና ተቀየረ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ደመና ሲያልፍ የፓኔሉ ምርት ባንዴ ይወርዳል፤ 1500 ዋት የሚጎትት ዕቃ ካለ ጎዶሎውን ባትሪው ይከፍላል። 800 ዋትን ግን ስስ ደመና ቢኖርም ፓኔሉ ይሸከመዋል። 800 ዋት በአምስት ሰዓት 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ልክ የምፈልገው። ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ቀን ማን ይቸኩላል?

ሽቦውን ስናወጣ በኖራ ተሸፍኖ ነበር፤ ከጎኑ ያለው የማግኒዚየም ዘንግም ተበልቶ አልቋል። ይሄ ዘንግ ራሱ እየተበላ ጋኑን ከዝገት የሚከላከል ነው። ርካሽ ነው፤ ቦይለር በተከፈተ ቁጥር እዩት።

ሁለተኛው ለውጥ ቦይለሩን ማን ያብራው የሚለው ነው። ታይመር በቂ ይመስላል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት አድርጎ መተው። ግን ታይመር ደመናን አያውቅም። በዳመነ ቀንም ሰዓቱን ጠብቆ ያበራና ባትሪውን ይጨርሰዋል፤ ማታ መብራት ሲሄድ ቤቱ ባዶውን ይቀራል። መፍትሄው ኢንቨርተሩ ላይ ነበር። ብዙ ኢንቨርተሮች ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ያለው የሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) መውጫ አላቸው፤ የባትሪውን ቮልቴጅ እያየ ይዘጋል፣ ይከፍታል። እሱ የቦይለሩን ጭነት በቀጥታ አይችልም፤ ስለዚህ ከባድ ጭነት የሚችለውን ማብሪያ፣ ኮንታክተሩን፣ እንዲያዝዝ አደረግነው። ባትሪው ሲሞላ ኮንታክተሩ «ጧ» ይልና ቦይለሩ ይበራል። ባትሪው ከወሰንኩት በታች ሲወርድ ይጠፋል። ታይመሩንም አላነሳነውም፤ ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ ነው የሚበራው። እውነቱን ለመናገር ከሥራው ሁሉ የምኮራበት ይሄ ነው።

ለኧርዙም (ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ለሚያወርደው መስመር) ገንዘብ አትቆጥቡ። ውሃና ኤሌክትሪክ ባንድ ጋን ውስጥ ናቸው፤ ልጆች ይታጠቡበታል። ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ለብቻው ተደርጎለታል።

ከቦይለሩ እስከ ኩሽና 15 ሜትር ያህል ቧንቧ አለ። በባለ 20 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ይሄ ሁለት ሊትር ውሃ ይይዛል። ሙቅ ውሃ እስኪመጣ ያ ሁለት ሊትር ይፈሳል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቀላል አይደለም። ከቧንቧው ስር ጆግ ይቀመጣል፤ ውሃው ለአበባ ይሆናል። ቧንቧውን ስፖንጅ አልብሰነዋል። ቦይለሩ 9 ሰዓት ላይ 60 ከደረሰና ማታ ካልተነካ፣ ጠዋት 53 ገደማ ሆኖ ይገኛል። ቤተሰቡም ቀስ በቀስ ገላ መታጠቡን ወደ ማታ አዞረው፤ ማንም አላዘዘም።

«ለምን ያንን በብርጭቆ ቱቦ ውሃን በፀሐይ የሚያሞቀውን አልገዛህም?» የሚሉኝ አሉ። ጥያቄው ትክክል ነው። ፓኔል ከሌላችሁና የምትፈልጉት ሙቅ ውሃ ብቻ ከሆነ እሱ ይሻላል፤ ከተመሳሳይ የጣሪያ ስፋት ከፓኔል ሁለት እጥፍ በላይ ሙቀት ይሰበስባል። የእኛ ችግር ውሃው ነው። ውሃ ጠፍቶ ቱቦዎቹ ባዶ ሆነው ፀሐይ ላይ ከዋሉ በኃይል ይግላሉ፤ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ድንገት ሲመጣ ብርጭቆው ይሰነጠቃል። ቦይለር ግን ሙቅ ውሃ የሚወጣው ከላይ ስለሆነ ከሮቶው ውሃ ቢያልቅም እንደሞላ ይቀራል።

ክረምት ሌላ ዓለም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ባትሪው ራሱ ሞልቶ የማያውቅባቸው ቀናት አሉ፤ ኮንታክተሩም ድምፁ አይሰማም። ያኔ ቦይለሩን በማዞሪያ ወደ ቆጣሪ መልሰን፣ መብራት ሲኖር ጠዋት እናበራዋለን። ለእነዚያ ሁለት ወራት ብሎ ፓኔል መጨመር ለእኔ አያዋጣም።

የቀረው ምጣዱ ነበር። ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ቦይለሩና ፓምፑ ሲጨመሩበት ኢንቨርተሩ የአቅሙ አፋፍ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ የምጣዱ መስመር ላይ ትንሽ ሪሌይ ገባ፤ ምጣዱ ሲሰካ የቦይለሩ ኮንታክተር ይለቃል። ባለቤቴ እንጀራዋን 6 ሰዓት አካባቢ ጋግራ ስትጨርስና ሶኬቱን ስትነቅል፣ ቦይለሩ የቀረችውን ፀሐይ ይቀበላል።