ከሕፃንነት ጀምሮ ለቆሰለ ልብ የተመለሰ ጸሎት

እግዚአብሔር በልጅነቱ የቆሰለን ሰው ይፈውሳል። ይህን ስንመሰክር ፈውሱ በምን መልክ እንደሚመጣም አብረን መናገር አለብን፤ ብዙዎች ጸሎታቸው ተመልሶላቸው ሳለ መልሱን ሳያውቁት ይቀራሉና። ሰው «ጌታ ሆይ፣ ያለፈውን አስረሳኝ» ብሎ ይለምናል። ትዝታው ግን አይጠፋም። ሌሊት ይባንናል፣ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ይደነግጣል፤ በዚህም «አልተሰማሁም» ብሎ ይደመድማል። በዚያው ሰሞን ግን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «የደረሰብኝ በእኔ ጥፋት አልነበረም» ማለት ጀምሯል። የጸሎቱ መልስ ይኸው ነው። እንቅልፉ፣ ድንጋጤው፣ የሆድ ቁርጠቱ ከኋላ ይከተላሉ፤ አንዳንዱም ረጅም ጊዜ ይቆያል።

ፈውሱ ከዚያ የሚጀምርበት ምክንያት አለው። ሕፃን ያለ አሳዳጊ መኖር አይችልም። የሚመታው ወይም የሚያዋርደው ሰው ያው የሚያበላውና የሚያስተኛው ሰው ከሆነ፣ ልጁ ነገሩን የሚረዳበት መንገድ ሁለት ብቻ ነው፦ «እነርሱ ክፉ ናቸው» ወይም «እኔ ክፉ ነኝ»። የመጀመሪያው መጠጊያ ያሳጣዋል። ሁለተኛው ያማል፣ ነገር ግን ተስፋ አለው፤ «ጎበዝ ብሆን፣ ዝም ብል፣ ባላስቸግር ይወዱኛል» ያሰኛል። ስለዚህ ልጁ ሁለተኛውን ይይዛል። ያኔ ለመኖር የረዳው ሐሳብ አብሮት ያድግና እንደ እውነት ይቀመጣል። በጎልማሳነቱ ሲያመሰግኑት አያምንም፣ ሲወቅሱት ግን ወዲያው ያምናል። ጉዳቱ አልፏል፤ ጉዳቱ ስለ እርሱ የተናገረው ቃል ግን አላለፈም። ፈውሱ ሥራውን የሚጀምረው በዚያ ቃል ላይ ነው።

ይህን ከሜምፊቦስቴ፣ ከንጉሥ ሳኦል የልጅ ልጅ ከዮናታን ልጅ፣ ታሪክ በላይ በግልጽ የሚያሳይ ክፍል አናውቅም። 2ኛ ሳሙኤል 4፥4 ላይ አምስት ዓመት ሲሆነው የሳኦልና የዮናታን ሞት ተሰማ፤ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ቸኩላ ነበርና ወደቀ፣ ሁለት እግሩም ሽባ ሆነ። የወደቀው ልታድነው ስትሮጥ ከነበረች ሴት እጅ ነው። «ወላጆቼ ደክመው፣ ተርበው ነው ያሳደጉኝ፤ እንዴት ተጎዳሁ እላለሁ?» ብሎ ለሚያፍር ሰው ይህ አንድ ቁጥር ብዙ ያሳርፋል። የሞግዚቷ በጎ ሐሳብም የልጁ እግር መሰበርም እዚያው አንድ ላይ ተጽፏል፤ አንዱን ለማክበር ሌላውን መካድ አላስፈለገም።

ከዓመታት በኋላ በምዕራፍ 9 ዳዊት ከሎዶባር አስመጣው። «አትፍራ» አለው፣ የአያቱን የሳኦልን ምድር እንደሚመልስለት፣ ሁልጊዜም ከማዕዱ እንደሚበላ ነገረው። ሜምፊቦስቴ ይህን ሁሉ መልካም ወሬ ከሰማ በኋላ ነው ራሱን የሞተ ውሻ ብሎ የጠራው። ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል። በልጅነቱ የተሰበረ ሰው «እግዚአብሔር ይወድሃል» ሲባል የሚመልሰው ብዙ ጊዜ ይህንኑ ነው፤ ቃሉን ሰምቷል፣ የሚያኖርበት ስፍራ ግን በውስጡ የለም። ዳዊት አልተከራከረውም፣ «እንዲህ አትበል» ብሎም አልገሠጸውም። የሳኦልን አገልጋይ ሲባን ጠርቶ ምድሩን እንዲያርስለት አዘዘ፤ ሰውየውም ከንጉሥ ልጆች እንደ አንዱ በየቀኑ ለማዕድ ተቀመጠ። ምዕራፉ የሚዘጋው ሁለት እግሩ ሽባ እንደ ነበረ በመናገር ነው። ክብሩ ሙሉ በሙሉ ተመለሰ፣ እግሩ ግን እንደ ነበረ ቀረ። የቀረ ሕመምን የእምነት ማነስ አድርገው የሚቆጥሩ አገልጋዮች ይህን የመጨረሻ ቁጥር ቢያነቡት መልካም ነው።

የቀረው ሕመም ከሥጋ ጋር የተያያዘ ነው። በልጅነት ለረጅም ጊዜ የፈራ ሰው አንጎል ውስጥ ያለው የአደጋ ጠቋሚ ክፍል፣ አሚግዳላ የሚባለው፣ ትንሽ ነገር ሲያይ ትልቅ ደወል ይደውላል። ዶክተር ቪንሰንት ፌሊቲና ዶክተር ሮበርት አንዳ ከ9,500 በላይ ጎልማሶችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ጥናት የልጅነት መከራ በበዛ ቁጥር ድብርት፣ ሱስና ራስን ለማጥፋት መሞከር ብቻ ሳይሆን የልብ በሽታም እንደሚጨምር አሳይቷል። ስለዚህ ትዝታ በድንገት ሲያጥለቀልቅ ዓይንን ጨፍኖ ረጅም ጸሎት መጀመር አይረዳም፤ ጨለማው ትዝታውን ያጎላዋል። ዓይን ይከፈት። ሁለቱ እግሮች ወለሉን ይርገጡ። በዙሪያ ከሚታየው አምስት ነገር በስሙ ይጠራ። ከዚያ እስከ አራት እየቆጠሩ በአፍንጫ መሳብ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማውጣት፤ አወጣጡ ሲረዝም የልብ ምት ቀስ ይላል። ሲስቡ «አንተ ከእኔ ጋር ነህ»፣ ሲያወጡ «አልፈራም» ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ከመዝሙር 23፥4 ናቸው። ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ይበቃል። ኤልያስ ሞቱን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር ከማነጋገሩ በፊት አስተኛው፣ ሁለት ጊዜም መገበው (1ኛ ነገሥት 19)። እንቅልፍና ምግብ የተቃወሰበት ሰው ከጾምና ከሌሊት ጸሎት በፊት እነዚህ እንዲስተካከሉለት ያስፈልጋል።

ሰውነቱ ትንሽ ከተረጋጋ በኋላ ጉዳቱ ስለ እርሱ ወደ ተናገረው ቃል መግባት ይቻላል። እዚህ ላይ መጻፍን እንመክራለን። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ሥራ ሰዎችን በተከታታይ አራት ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው እንዲጽፉ አድርጎ ነበር፤ ያ ልክ ለጸሎትም ይመቻል። የሚጻፈው ሦስት ነገር ነው፦ ምን እንደ ሆነ፣ ያኔ ምን እንደ ተሰማ፣ ከዚያ ጀምሮ ስለ ራስ ምን እንደ ታመነ። ሁለቱን ጽፎ ሦስተኛውን የሚተው ብዙ ነው፤ ፈውሱ የሚፈልገው ግን ሦስተኛውን ነው። ከመኝታ በፊት አይጻፍ። ከጻፉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀላል ሥራ ይሠራ። ጭንቀቱ በየቀኑ እየባሰ ከሄደ ይቁም፣ ቀሪው ባለሙያ አጠገብ ተቀምጦ ይቀጥል። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ደግሞ ይህን ብቻውን አይሞክር፤ አስቀድሞ ሐኪም ወይም የቅርብ ሰው ይወቅ።

የጸሎቱን ቅርጽ መዝሙር 13 ይሰጣል። ስድስት ቁጥር ብቻ ነው፦ ሁለቱ ሙሾ፣ ሁለቱ ልመና፣ ሁለቱ መታመን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች ዳዊት አራት ጊዜ «እስከ መቼ» ይላል። በቤተ ክርስቲያን የተለመደው ስሕተት ሰውን ከቁጥር አንድ ወደ ቁጥር አምስት ማዘለል ነው፤ ገና ሳያለቅስ እንዲያመሰግን ይገፋል፣ ይስቃል፣ ቤቱ ሲገባ ይሰበራል። ቁጥር አምስት ላይ ለመድረስ ወራት የሚፈጅበት ሰው አለ። እስከዚያው መዝሙር 88 አለለት፤ ያ መዝሙር በጨለማ ያልቃል፣ ያም ሆኖ ጸሎት ተብሎ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተቀምጧል።

ስለ ራስ የታመነው ውሸት በወረቀት ላይ ከወጣ በኋላ የሚመለስለት ጥቅስ በልኩ መመረጥ አለበት፤ አንድ ጥቅስ፣ ለብዙ ሳምንታት፣ ጠዋትና ማታ ድምፅ አውጥቶ። አሥር ጥቅስ መደርደር አያሠራም። «አልተፈለግሁም» ለሚል መዝሙር 27፥10 አለ፦ «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ።» «የደረሰብኝን ማንም አላየም» ለሚል የሣራ አገልጋይ የነበረችው አጋር በምድረ በዳ እግዚአብሔርን የሚያየኝ አምላክ ብላ የጠራችበት ዘፍጥረት 16፥13 ይስማማል። «ካልሠራሁ አልወደድም» ለሚል ማርቆስ 1፥11 ይነበብ፤ አብ ልጁን የምወድህ ያለው በዚህ ወንጌል ገና አንድ ተአምር ሳይጻፍ፣ አንድ ሕመምተኛ ሳይፈወስ ነው። በልጅነቱ ተደፍሮ «ርኩስ ነኝ» ለሚል ግን ከፍተኛ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መዝሙር 51 ለእርሱ አይሰጥም። ያ ዳዊት በራሱ ኃጢአት የተጸጸተበት ነው፤ ለተበደለ ሰው ሲሰጥ «ጥፋቱ ያንተ ነበር» ማለት ይሆንበታል። ለእርሱ የሚሆነው እፍረትን የሚያነሣው ቃል ነው፤ ኢሳይያስ 61፥7 ወይም መዝሙር 34፥5።

«አባት» የሚለው ስም ራሱ የሚያስፈራው ሰውም አለ። አባታችን ሆይ ሲል ጉሮሮው የሚዘጋ ሰው እንዳይጨነቅ እንነግረዋለን፤ እረኛ፣ መጠጊያ፣ ብርሃን በሚሉት ስሞች ይጀምር። ኢሳይያስ 66፥13 እግዚአብሔር እናት ልጇን እንደምታጽናና እንደሚያጽናና ይናገራል። አባት የሚለው ስም ጊዜው ሲደርስ ይመጣል፤ ሮሜ 8፥15 «አባ» ብለን የምንጮኸው በመንፈስ መሆኑን ስለሚናገር፣ በጉልበት የሚወጣ ቃል አይደለም።

ይቅርታን በተመለከተ የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ነው። ትዕማር በአባቷ ልጅ በአምኖን በተደፈረች ጊዜ ወንድሟ አቤሴሎም ዝም እንድትል ነገራት፣ ወንድምሽ ነው አላት፣ አባቷ ዳዊትም ተቆጣ እንጂ አልፈረደም፤ እርስዋም በአቤሴሎም ቤት ብቸኛ ሆና ተቀመጠች (2ኛ ሳሙኤል 13)። ዛሬ «ይቅር በልና እርሳው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ አይለይም። ይቅርታ በቀልን ለእግዚአብሔር መተው ነው (ሮሜ 12፥19)፤ እርቅ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ መታመን ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል። ዮሴፍ በ17 ዓመቱ ተሸጠ፣ በ30 ዓመቱ በፈርዖን ፊት ቆመ፣ ወንድሞቹ የመጡት የራቡ ዘመን ከጀመረ በኋላ ነው። ወዲያው አልተገለጠላቸውም። ብቻውን ዞር ብሎ አለቀሰ፣ ፈተናቸው፣ ይሁዳ በብንያም ፋንታ ባሪያ ልሁን ሲል ከሰማ በኋላ ብቻ «እኔ ዮሴፍ ነኝ» አለ። ይቅር ያለ ሰው በር የመዝጋት መብቱን አያጣም።

አሁን ለሚጸልዩት። ጌታ ራሱ የሕፃኑን አባት «ይህ ከያዘው ስንት ዘመን ነው?» ብሎ ጠይቆ «ከሕፃንነቱ ጀምሮ ነው» የሚለውን መልስ ሰምቷል (ማርቆስ 9፥21)። እርሱ ከጠየቀ እኛ ሳንጠይቅ ልንናገር አይገባም። በተለይ ያልተነገረን ነገር «አየሁ፤ አጎትህ እንዲህ አድርጎሃል» ማለት እጅግ አደገኛ ነው። የሰው ትዝታ በተጠቆመለት መንገድ ይቀረጻል፤ ያልሆነ ነገር እንደ ሆነ ሊታሰብ፣ ንጹሕ ሰውም ሊከሰስ ይችላል። እጅ ከመጫን በፊት ፈቃድ ይጠየቅ፣ ከኋላ መጥቶ መንካት ይቅር፣ ጩኸት ይቀንስ፤ በጩኸትና በእጅ የተጎዳ ልጅ በዚያው መንገድ ሲጸለይለት ሰውነቱ ይደርቃል፣ ይህም በስሕተት የርኩስ መንፈስ ምልክት ተብሎ ይተረጎማል። ቢያንስ ሁለት ሰው፣ ከእነርሱም አንዱ ከሚጸለይለት ሰው ጋር ተመሳሳይ ጾታ ያለው ሆኖ፣ በሩ ከፈት ብሎ ይሁን። መድኃኒት አቁም የሚል ቃል ከአገልጋይ አፍ አይውጣ፤ ያን የሚወስነው ያዘዘው ሐኪም ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ ለሚቆይ ጭንቀት በአሰቃቂ ገጠመኝ ላይ ያተኮረ የንግግር ሕክምናን ይመክራል። ወደዚያ መሄድ ከጸሎት መውጣት አይደለም፤ ብዙዎች የለመኑትን መልስ የተቀበሉት በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው።

በመጨረሻ ሰውየው በጉባኤ ፊት መመስከር ይፈልጋል። መልካም ነው፤ ግን አስቀድሞ ለአንድ ለታመነ ሰው ሁሉን ሳይንቀጠቀጥ መናገር ይቻል እንደ ሆነ ይታይ። ካልተቻለ ጊዜው ገና ነው። ከተቻለ አንድ ገጽ ይጻፍ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ይነበብ። የድርጊቱ ዝርዝር አይነገር፤ ከአድማጮች መካከል ያው ቁስል ያለበት አለ፣ ሕፃናትም ይሰማሉ። የበዳዩ ስም፣ ስሙን የሚያሳውቅ ዝምድናና ሰፈርም ይቅር። መነገር ያለበት የታመነው ውሸት፣ ውሸቱን ያፈረሰው ቃል፣ እና እስከ ዛሬ የቀረው ሕመም ነው። የቀረውን መደበቅ ከኋላ የሚመጣውን ሰው ያደናግራል፤ እርሱም ሌሊት ሲባንን «የእኔ አልተፈወሰም» ብሎ ይወድቃል። መቅረጫ ካለ ሰውየው አስቀድሞ ይጠየቅ፤ ዛሬ የፈቀደው ነገ ሊከብደው ይችላልና ቅጂውን የማስወገድ መብትም ይሰጠው።

በዳዩ ዛሬም ሕፃናት አጠገብ የሚኖር ከሆነ ግን ከምስክርነቱ በፊት ለሕግ አካል ይነገር፣ ልጆቹም ከእርሱ ይራቁ።